ቆማ ያደረች መኪና ተገጭታ ስትገኝ፦ በአንድ ወር ደሞዝ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የ2003 ሞዴል ብርማ ቪትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየማችን ደጅ አስፋልቱ ዳር አቁሜያት ገባሁ። ጠዋት ስወርድ የግራው የኋላ በርና ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ገብቷል፣ ስቶፕ መብራቱ ረግፏል፣ ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። ሰውም የለም፣ የተተወ ወረቀትም የለም። ያለኝ የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። የጠየቅሁት ጋራዥ በሩ ይቀየራል፣ ፓራፋንጎው ተቆርጦ ሌላ ይበየዳል፣ ግራው ጎን ሙሉ ይቀባል ብሎ ከሦስት ወር ደሞዜ በላይ ጠየቀኝ። እኔ ማውጣት የምችለው ቢበዛ የአንድ ወሩን ነው። ባለቤቴ ፖሊስ ጋ መሄድ ቀን ማቃጠል ነው ይላል። ቦሎ ለማሳደስም ሁለት ወር ቀርቶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የቪትዝ ባለቤት፣ ከጀሞ

መልስ፦ እኅታችን፣ ጋራዡ የዘረዘረልዎት ሁሉ መሠራት የለበትም። ከጻፉልን ውስጥ አሁኑኑ ገንዘብ የሚጠይቀው ስቶፕ መብራቱና የፓራውልቱ መያዣ ነው። በሩ በደንብ የሚዘጋ ከሆነና ጎማው ምንም የማይነካው ከሆነ ሌላው ዝገት እንዳይጀምረው ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ፓራፋንጎውን ማስቆረጥ ግን ገንዘቡ ቢኖርዎትም አንመክርዎትም፤ ምክንያቱን እንመጣበታለን። ከዚህ ሁሉ በፊት ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ግን ቀን በገፋ ቁጥር የሚበላሽ ሥራ አለ፤ ማስረጃ መሰብሰብ።

መኪናዋን እስካሁን ካላጠቧት አያጥቧት፤ ስብርባሪውንም ጠርገው አይጣሉት። በስልክዎ መጀመሪያ ራቅ ብለው፣ ሰሌዳዋ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝና አካባቢውን የሚያሳውቅ ሱቅ ወይም ሕንፃ አብረው እንዲታዩ አድርገው ከአራቱም ማዕዘን ያንሱ። ሰው ሁሉ የተጨረመተውን ቦታ ብቻ አቅርቦ ያነሳና ይህን ይረሳል። መኪናዋ የት እንደቆመችና ከጠርዙ ምን ያህል እንደራቀች የሚያሳየው ግን የሩቁ ፎቶ ነው፤ ነገሩ ወደ ክርክር ከሄደም የሚፈለገው እሱ ነው። መኪናዋን አንስተዋት ከሆነ የቆመችበትን ቦታ ብቻውን ያንሱት፤ የመብራት ስባሪው አሁንም እዚያው ይኖራል።

ቀጥሎ የልብስ ሰፊ ሜትር ከመሬት ወደ ላይ ዘርግተው ጉዳቱን ከነሜትሩ ያንሱ። ቁመቱ ገጪውን ያጠብበዋል። የትንሽ አውቶሞቢል ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ከ45 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚያርፈው፤ ፒክአፕና አይሱዙ ከዚያ ከፍ ብለው ይመታሉ። ረጅምና ቁመቱ እኩል የሆነ ጭረት ከሆነ አልፎ ሲሄድ የታከከ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጠልቆ የገባ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ ሲል ወይም ሲዞር የመታ መሆኑ ያመዝናል፤ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሠፈሩ ሰው ነው፣ ወይም እዚያው ዕቃ ሊያወርድ የመጣ። ጭረቱ ላይ የእርስዎ ያልሆነ ቀለም ካለ በምላጭ ጫፍ ትንሽ ልጠው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ።

መሬት ላይ የወደቀውን የመብራት ስባሪ አንድም ሳያስቀሩ ይልቀሙ፤ የራስዎን ከገጪው ለመለየት ቀለሙንና ውፍረቱን ያስተያዩ። የጃፓን መኪና መብራት መስታወት ላይ እንደ ኮይቶ ወይም ስታንሊ ያለ የፋብሪካ ስምና ከጎኑ ጥቂት አኃዞች ተቀርጸው ይገኛሉ። ያ ቁጥር ለአንድ ዓይነት ሞዴል የተሰጠ ስለሆነ፣ ሶማሌ ተራ መብራት የሚሸጥ ልምድ ያለው ነጋዴ ስባሪውን ገልብጦ አይቶ «ይሄ የእገሌ ሞዴል የፊት ፍሬቻ ነው» ሊልዎት ይችላል። ይህን ካወቁ በኋላ በሠፈሩ ዞር ዞር ብሎ አንድ መብራቱ የረገፈ ተመሳሳይ መኪና መፈለግ የማይሆን ነገር አይደለም።

ሰው ሲጠይቁ «ታርጋውን ያየ አለ?» ብለው አይጀምሩ፤ ሁሉም «አላየሁም» ይልዎታል። ስለ ሰሌዳው ቀለም ይጠይቁ። ሌሊት ቁጥር ያላነበበ ዘበኛ ቀለም ያስታውሳል። በነባሩ ሰሌዳ ቀይ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴ ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁር ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ቀለሙ፣ የመኪናው ዓይነትና ሁለት አኃዝ ከተገኘ ለትራፊክ ፖሊስ በቂ መነሻ ነው። ዘበኞቹን፣ ማለዳ የሚወጡትን የጀበና ቡና ሻጮችና የፓርኪንግ ልጆችን ዛሬውኑ ያነጋግሩ። የፓርኪንግ ትኬት ተቆርጦልዎት ከነበረም አይጣሉት፤ መኪናዋ በተፈቀደ ቦታ እንደነበረች ይመሰክራል።

በአካባቢው ያለ ሱቅ፣ ባንክ ወይም ሆቴል ካሜራ ካለው ፈጥነው ይሂዱ፤ መቅረጫው ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ነው የሚቀጥለው፣ አንዳንዱም ከሳምንት አያልፍም። ለግለሰብ ቅጂ አይሰጡ ይሆናል። ያኔ የሚጠይቁት የዚያን ሌሊት ምስል እንዳይጠፋ እንዲያስቀምጡልዎት ነው፤ ከፖሊስ ደብዳቤ ይዘው እንደሚመለሱም ይንገሯቸው። መኪናዋን ያቆሙበትንና ተገጭታ ያዩበትን ሰዓት ጽፈው ይስጧቸው። የስምንት ሰዓት ርዝመት ያለው ምስል ቁጭ ብሎ የሚያይልዎት የለም፤ የአንድ ሰዓት ከሆነ ግን ደግ ሰው ያየዋል።

ፖሊስን በተመለከተ፣ ባለቤትዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ከተማውን አስሶ ገጪውን ይዞ ይመጣልኛል ብለው ከሆነ አይሂዱ። መዝገቡ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ካሜራ ያላቸው ድርጅቶች ምስሉን የሚሰጡት በፖሊስ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ ገጪው ከሁለት ወር በኋላ ቢታወቅ «ይህ ጉዳት የእኔ አይደለም፣ ቀድሞም ነበር» እንዳይል ቀኑ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ጎኗ አዲስ የተጨረመተ መኪና ይዞ የሚዞር ሰው ራሱ ገጭቶ ያመለጠ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ወደ ደረሰበት ክፍለ ከተማ ትራፊክ ፖሊስ ፎቶዎቹን ይዘው ይሂዱ፣ ያስመዝግቡ፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ያስተናገደዎትን ፖሊስ ስም ይዘው ይመለሱ። መኪናዋ ገና ካልተነሳች ደግሞ ቦታው ድረስ መጥተው ንድፍ እንዲያነሱ ይጠይቁ።

የእርስዎ የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው እርስዎ በሌላው ላይ ላደረሱት ጉዳት ነው፤ ለራስዎ መኪና አይከፍልም። ገጭቶ ላመለጠ መኪና የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ ሲባል ሰምተው ከሆነም፣ እሱ የቆመው ሰው ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎዳ ለሚደረግ ካሳና ሕክምና ነው፤ ለተጨረመተ በር አይደርስም። ገጪው ከታወቀ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ይህም እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ የንብረት ጉዳትን ይጨምራል። ስለዚህ ገጪውን ባገኙት ጊዜ ከስሙ ቀጥሎ የሚያነሱት ፎቶ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክት ነው፤ የኩባንያው ስምና የሚያበቃበት ቀን እዚያ ላይ አለ።

መድኑ ከሚሸፍነው በላይ የሆነውን ባለመኪናው ራሱ ይከፍላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ «ሹፌሬ ነው፣ እኔ አላውቅም» ማለት አያድነውም። እዚህ ላይ የሚጠነቀቁት አንቀጽ 2084ን ነው፤ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ አድርጎ ይጀምራል፣ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ይህ የሚቀረው። ያንን የሩቅ ፎቶ ያስጨነቅንዎት ለዚህ ነው። ማቆም ክልክል የሚል ምልክት ሥር ወይም መታጠፊያ ላይ ቆማ ከነበረ ክርክርዎ ይደክማል። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም አንቀጽ 2143 ይደነግጋል።

ገጪው ተገኝቶ «በሽምግልና እንጨርስ» ካለ ጥሩ ነው፣ ከክስ ይሻላል። ግን «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ የሚፈርሙት ባትላሜራው (የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ሠራተኛ) በሩን ፈትቶ ውስጡን ካየ በኋላ ነው፤ ከላይ ትንሽ የመሰለ ጉዳት ውስጡ ብረት አጣሞ ሊገኝ ይችላል። ገንዘቡ ሳይቆጠር አይፈርሙ። የመንጃ ፈቃዱንና የሊብሬውን ፎቶ ይያዙ። «የእኔ ጋራዥ ይሠራልሻል» የሚለውን ግብዣ በአክብሮት ይለፉት፤ ጋራዡ የሚታዘዘው ለሚከፍለው ሰው ነው።

አሁን ወደ መኪናዋ እንግባ። ከመንዳትዎ በፊት የኋላ ጎማውን ይዩ። ሁለት ሰው ከኋላ ወንበር አስቀምጠው፣ ወደ ውስጥ የገባው የፓራፋንጎ ጠርዝ ከጎማው ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካልቀረው አይንዱ፤ ጉድጓድ ሲመታ ጠርዙ ጎማውን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። ይህን ለማራቅ ጋራዥ እንኳ አያስፈልግም፣ ጠርዙን በእንጨትና በመዶሻ ወደ ውጭ መመለስ ይበቃል።

ምቱ ቸርኬው ላይ ካረፈ ግን ከሥር ያለው የኋላ አክስል ተገፍቶ እንደሆነ መለካት ያስፈልጋል። መሪውን ቀጥ አድርገው ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በቀኝም በግራም ይለኩ። በመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ይህ ርቀት 2370 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ ጎኖች መካከል የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስደነግጥም፤ አንድ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከቀለም በፊት ገንዘብዎ የሚሄደው ወደዚያ ነው፣ አለዚያ ጎማ እየበላ ይጨርስዎታል።

ስቶፕ መብራቱን ሊገዙ ሲሄዱ የተሰበረውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። የመጀመሪያው ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ላይ ፊቱና መብራቶቹ ተሻሽለዋል፤ «የቪትዝ የግራ ስቶፕ» ብለው ብቻ ከገዙ የማይገጥም ሊመጣልዎት ይችላል። መስታወቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከያዙት ጋር አንድ መሆን አለበት። ሶማሌ ተራ የሚያገኙት ሦስት ዓይነት ነው፦ ከፈረሰ መኪና የወጣ ኦሪጅናል፣ አዲስ የቻይና፣ አዲስ ኦሪጅናል። ለእርስዎ ያገለገለው ኦሪጅናል ይሻላል፤ ርካሹ አዲስ ብዙ ጊዜ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ ጎማ ማሸጊያውም ቀጭን ስለሆነ ውኃ ያስገባል። ሲገዙ ከጀርባው ያለው የአምፖል ማቀፊያ ያልቀለጠ መሆኑን ይዩ፣ የማሰሪያ ብሎኖቹ ያልተሰበሩ መሆናቸውንም። ደረሰኝ ይቀበሉ። ዋጋው ከሁሉም ሱቅ ወርዶ የመጣልዎት ዕቃ ትናንት ማታ ከአንድ ሰው መኪና ላይ የተፈታ ሊሆን ይችላል፤ ሲያዝ ደግሞ ተጠያቂው ያለ ደረሰኝ የያዘው ነው።

እስኪገዙ ድረስ ቀዩን ፕላስቲክ በቀይ ቴፕ መሸፈን ለጥቂት ቀን ያገለግላል። ነጭ ብርሃን ወደ ኋላ ካሳየች ግን ከኋላ የሚመጣው ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ያየ ይመስለዋል። ለስቶፑ የሚገባው ባለ ሁለት ክር 21/5 ዋት አምፖል ነው፤ ለፍሬቻው 21 ዋት። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ አንድ ሰው የኋላ ኮፈን ውስጥ ሆኖ በባትሪ እያየ ከውጭ ባልዲ ውኃ ያፍስሱበት። ፓራፋንጎው ስለተጣመመ መብራቱ ፊት ለፊት ገጥሞ ከጎን ክፍተት ሊተው ይችላል፤ በዚያ የገባ ውኃ በትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ተጠራቅሞ ወለሉን ይበላል፣ እርስዎ የሚያውቁት ሲሸት ነው።

የተንጠለጠለው ፓራውልት ብዙ ጊዜ ራሱ አልተሰበረም። ከፓራፋንጎው ጋር የሚያያዝበት፣ ከውስጥ የተሸሸገ አንድ ክንድ የማይሞላ የፕላስቲክ ሐዲድ አለ፤ የሚሰበረው እሱ ነው። ጋራዦች «ፓራውልት ይቀየር» የሚሉት ሐዲዱን ለብቻው መፈለግ ስለሚሰለቻቸው ነው። ሐዲዱንና ጥቂት ክሊፕ ገዝተው ያስገጥሙ። ፓራውልቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ የፈላ ውኃ ቀስ እያሉ አፍስሰውበት ከኋላው በእጅ ይግፉት፤ ጓንት ያድርጉ። ለስላሳ ግፊት ከሆነ ይመለሳል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ያፍስሱበት። የተጣጠፈ መስመር የያዘ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ያስበጁ፤ ስንጥቁ እዚያ ይቆማል። ከውስጥ በኩል ሽቦ ወንፊት በጋለ ብረት አቅልጦ መቅበር ይይዛል። ሱፐር ግሉ አይይዝም፤ የፓራውልት ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ ማጣበቂያ ይንሸራተትበታል። በላዩ የተለጠፈ ስቱኮም (ጉድጓድ መሙያ ሊጥ) በመጀመሪያው ምት ይረግፋል።

በሩን ዘግተው ከቀኙ ጋር ያስተያዩት። ዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል ከሆነና አንድ ብጣሽ ወረቀት የበሩ ማሸጊያ ጎማ ላይ አስቀምጠው ዘግተው ሲስቡት ካስቸገረ በሩ ጤነኛ ነው። ወረቀቱ ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ በክረምት ዝናብ ይገባል። መስታወቱንም ዝቅ አድርገው መልሰው ከፍ ያድርጉት። ባትላሜራው የውስጥ ሽፋኑን ፈትቶ በሩ ውስጥ አግድም የሚሄደውን ብረት ይይ፤ ይህ ብረት ከጎን ሲገጩ ተሳፋሪውን የሚከላከል ነው። ከታጠፈ ተስቦ ቀና ቢልም ጥንካሬው አይመለስም፣ ያኔ በሩ ይቀየር። ብረቱ ደህና ከሆነ ግን የገባው ቆርቆሮ ከውስጥ ተገፍቶ ይወጣል። ሽፋኑ ሲፈታ የሚገኘው ላስቲክ በቦታው ተስተካክሎ ካልተመለሰ በመስታወቱ በኩል የሚገባው ውኃ ወደ ምንጣፍዎ ይሄዳል። ሠራተኛው «አያስፈልግም» ብሎ ሲጥለው ቆመው ያስመልሱት።

በር መቀየር ግድ ከሆነ ብርማ ቀለም መፈለግዎ ጥቅም አለው፤ ቪትዝ በብርማ ብዙ ስለገባ ቀለሙ የተስማማ ያገለገለ በር ማግኘት ይቻላል። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ይፈልጉ፤ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ ያለው የቀለም ኮድ ነው። 1ሲ0 የቶዮታ የተለመደ ብርማ ነው፣ 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር። የሚገዙትን በር ገልብጠው የታችኛውን እጥፋት ይዩ፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ከነመስታወቱ ይግዙት።

ፓራፋንጎውን ለምን አያስቆርጡም? የኋላ ፓራፋንጎ እንደ ፊቱ በብሎን የሚፈታ አይደለም፤ የመኪናዋ አካል ነው፣ እስከ ጣሪያው ምሰሶ ድረስ ተበይዶ ነው ከፋብሪካ የወጣው። ሲቆረጥ የፋብሪካው ፀረ-ዝገትና ማሸጊያ አብሮ ይሄዳል። የብየዳው ሙቀት ከኋላ ያለውን ሽፋን ስለሚያቃጥል ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፣ ከውጭ ሲታይ ጊዜው አልፏል። ማሸጊያው በደንብ ካልተመለሰ ውኃና የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። ሊሸጧት ሲሉም ገዢ የሚወስደው ባትላሜራ የብየዳውን መስመር በጣቱ ዳስሶ ያገኘዋል፣ «ተገልብጣ ነው» ይባልልዎታል። እርስዎ ለገለጹት ጉዳት የሚሻለው ስቦ ማውጣት ነው፤ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያላት ትንሽ ክብ ብረት) እየተበየደ በመጎተቻ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ የቀረው በስቱኮ ይሞላል።

ስቱኮ ላይ ይቁሙ፣ ገንዘብ የሚበላሸው እዚህ ነው። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ብዙ መጎተት የሰለቸው ሠራተኛ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፤ ሲያስረክብ ያምራል፣ ጥቂት ወራት በኮብልስቶን ላይ ከተመላለሱ በኋላ ይሰነጠቃል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቦታው ላይ ካልያዘ ወፍራም ነው። ለ100 ግራም ስቱኮ ማድረቂያው ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። በክረምት ብርድ ቶሎ አልደርቅ ሲል ሠራተኞች ማድረቂያ ይጨምራሉ፤ ትርፉ ማድረቂያ በኋላ በቀለሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሲያንስ ደግሞ ለስልሶ ይቀርና ብርጭቆ ወረቀቱን ይሞላዋል። ስቱኮ የሚታሸው በደረቁ ነው፣ በ80 ጀምሮ በ180 ከዚያም በ320 ወረቀት። ውኃ ካስነኩት ይመጠዋል፤ ያ ውኃ ከቀለሙ ሥር ቆይቶ አረፋ ያወጣል። በዚሁ ምክንያት «ቀለሙን በሚቀጥለው ወር እከፍላለሁ» ብለው ስቱኮ ያለበትን መኪና ሳይሸፍኑ አይንዱ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ከስቱኮ በፊት ያቁሙ፦ ብረቱ ይሳብ፣ በ180 ወረቀት ይታሽ፣ በቲነር ይጠረግ፣ ሁለት ስስ እጅ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። አያምርም፣ ግን ክረምቱን ያሳልፋል።

ቀለሙን እንግዲህ በመጨረሻ፣ ገንዘብ ከተረፈ። መጀመሪያ ጭረት የመሰለዎትን በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር ካልያዘው የገጪው ቀለም ተለጥፎ እንጂ የእርስዎ ተፍቆ አይደለም፣ በጥጥ ጨርቅና በኮምፓውንድ (ቀለም ማለስለሻ ቅባት) ይለቃል። በቲነር አይሞክሩት፤ ቀድሞ ጋራዥ የተቀባ ቦታ ካለ አብሮ ይነሣል። ብርማ ከሁሉ አስቸጋሪ ቀለም ነው። ሁለት ደረጃ ነው፣ መሠረቱ ከተቀባ በኋላ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ይደረብበታል፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ እንደ አረጫጨቱ ስለሚተኛ በአንድ ኮድ የተቀላቀለ ቀለም እንኳ በሁለት ቀቢ እጅ ሁለት መልክ ያወጣል። በር መሐል ላይ ቁራጭ ቦታ ማስቀባት ደመና ይመስላል። አንድ በር ከተቀባ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይቀባ። ቀቢው ቀለሙን መጀመሪያ በካርቶን ላይ ረጭቶ ክሊር ደርቦ፣ ከመኪናዋ ጋር አጠጋግቶ ፀሐይ ላይ ያሳይዎት። ጋራዥ ውስጥ በአምፖል ብርሃን «ገጥሟል» የሚለውን አይቀበሉ።

ከጋራዡ ጋር ሲነጋገሩ «ስንት ይሠራል?» አይበሉ። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው፣ የእጁና የዕቃው ዋጋ ተለይቶ በወረቀት ይጻፍልዎት፤ የማይሠራውም ይጻፍ። ይህንኑ ወረቀት ይዘው ሁለት ሌላ ጋራዥ ይጠይቁ፣ ያኔ ዋጋው የሚወዳደረው አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። መብራቱን፣ ሐዲዱንና ቀለሙን ራስዎ ይግዙ፣ የተረፈውን ቀለም ይቀበሉ፤ ለኋላ ጭረት ያገለግልዎታል። ግማሽ ቀብድ ይበቃል።

በወር ደሞዝዎ በመጀመሪያ መብራቱንና የፓራውልቱን ሐዲድ ይግዙ፣ በሩንና ፓራፋንጎውን ያስስቡ፣ አንቲረስት ያስቀቡ። ለቀለም ካልበቃ ይቅር። ስለ ቦሎው፣ የማይሠራ መብራት፣ የሚንቀሳቀስ ፓራውልት ወይም ሰው የሚቆርጥ ስል ጠርዝ ይዘው ምርመራ አይሂዱ። ያልተቀባ ግን የተስተካከለ ጎን ያልፍ እንደሆነ ለቀለም ከመክፈልዎ በፊት ወደሚመረመሩበት ጣቢያ ፎቶውን ይዘው ሄደው ይጠይቁ። ስቱኮ የተሞላበትን ጎን ሳያስቀቡ ይዘው ግን አይሂዱ፤ ምርመራውን ቢያልፉ እንኳ ያኔ ውኃ ጠጥቷል።